ማስያዣዬን ሳልቀበል

ቤት ሊያይ ሰው የሚመጣ ከሆነ ዳንቢ ከጠዋት ጀምራ የተብላላ የአኩሪ አተር ወጥ ትጥዳለች። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ሽታው ግን ሳምንት ያልታጠበ ካልሲ ነው። ድስቱ መፍላት ሲጀምር መስኮቶቹን ሁሉ ትዘጋለች። ከዚያ ወንበር ስባ ቁጭ ትላለች፣ በሩ እስኪንኳኳ።

አልከፍትም ብላ አታውቅም። እንዲያውም ከነፈገግታዋ ነው የምትከፍተው።

«ግቡ፣ ግቡ! እንደ ቤታችሁ!»

እንግዶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ሁለቱን ክፍል ሲዞሩ፣ እሷ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ቃል አይወጣትም። ወረቀቱ ማንም ሰው ትንሽ ከፍሎ ሊያወጣው የሚችል የቤቱ መዝገብ ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጉ ማልሱን መሆናቸውን ይናገራል፤ ባንክ ቤቱን በብድር መያዙን ይናገራል፤ ከባንኩ ሥር ደግሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰፈረ አንድ መስመር አለ፦ ተከራይ ዳንቢ፣ ያልተመለሰላት ማስያዣ ዘጠና ሚሊዮን ዎን። እንግዶቹ እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ያይዋታል። ከዚያ ጫማቸውን ያጠልቃሉ።

እንዲህ ሆነው የሄዱት አሥራ አንድ ደርሰዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ስሜን እያጠፋሽ ነው አሉ!» ብለው ይደውላሉ ወይዘሮ ጉ። «እከስሻለሁ!»

«እኔ ምን አልኩ እትዬ? ወጥ ነው የምሠራው።»

«አዲስ ተከራይ ሲገባ ከእሱ ተቀብዬ እሰጥሻለሁ አላልኩሽም? ሰዉን አንቺው ታባርሪያለሽ፣ ገንዘቤን አምጪ የምትይውም አንቺው!»

«ገንዘቤን የተቀበሉት እርስዎ ነዎት። አዲሱ ተከራይ ምን በወጣው?»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ይዘጋል። ዳንቢም ወጧን በሩዝ ትበላለች፤ በደንብ ይጣፍጣታል።

ዳንቢ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በኮሪያዋ የወደብ ከተማ በኢንቾን የጥርስ ሐኪሞች የሚያዝዙትን ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች፤ አሥር ዓመት ሙሉ ለሰው ተቀጥራ። ዘጠና ሚሊዮኑን ያጠራቀመችው ግን ብቻዋን አይደለም። ሠላሳው የአባቷ ጀልባ ነው። አባቷ ጁሙንጂን ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያወጡበትን ጀልባ ሸጠው፣ «በየወሩ ኪራይ ከሚበላሽ በማስያዣ ብትኖሪ ይሻላል፤ ስትወጪ እንዳለ ትቀበይዋለሽ» ብለው ሰጧት። ልክ ነበሩ። የማስያዣ ቤት ደንቡ እንዲያ ነው። ገንዘቡን አስይዘሽ ትኖሪያለሽ፣ ውልሽ ሲያልቅ ቁልፍ ትመልሻለሽ፣ ገንዘብሽን ትቀበያለሽ።

እሷም በደንቡ ሄደች። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው እንደምትለቅ በአደራ ደብዳቤ አሳወቀች። የራሷን የጥርስ መሥሪያ ልትከፍት ጣቢያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አግኝታ ቀብድ ከፈለች። የመልቀቂያው ቀን ሲደርስ ወይዘሮ ጉ «አሁን የለኝም» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ጨው የለኝም እንደሚል ሰው። ቀብዷ ተበላ። ሱቋ ውስጥ ዛሬ ዶሮ ይጠበሳል። ዳንቢ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ነው የምታልፈው።

አባቷ አሁን የሰው መረብ ይጠግናሉ። «ተይው ልጄ፣ ጤናሽ ይበልጣል» ይሏታል በስልክ። ዳንቢ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የምትጠላው ንግግር የለም። ይህን በሰማች ቁጥር አንድ ነገር ለራሷ ትምላለች። ገንዘቧን ብቻ አይደለም የምትቀበለው፤ ሴትዮዋ ሲከፍሉ ፊታቸውን ታያለች።

አሥራ ሁለተኛው እንግዳ ያለ ደላላ፣ ብቻውን መጣ። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ላይ የዘይት ቅሪት ያለበት ሰው። በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ሳበ።

«የተብላላ አኩሪ አተር ነው?»

«አዎ» አለች ዳንቢ፣ ደስ እያላት።

«ሩዝ አለዎት?»

ከአሥራ አንዱ ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም። ሰውየው የራሱ ጥያቄ አሳፍሮት አንገቱን ደፋና ገባ። ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ጆሮው ቀስ እያለ ሲቀላ ታየው ነበር። ሌሎቹ እዚህ ላይ ጫማቸውን ይፈልጋሉ፤ እሱ ግን ወለሉን የሚያሞቀው ቦይለር ወዳለበት ጓዳ ጆሮውን አቀና።

«ቦይለሩ ያንጠባጥባል?»

«ሁለት ክረምት ሆነው። ወለሉ ግማሹ ይሞቃል፣ ግማሹ በረዶ ነው። አከራይዋ ዛሬ ነገ ትላለች።»

«ማስጠገን እኮ የአከራይ ግዴታ ነው።»

«ያንን ለእሷ ይንገሩልኝ።»

ወለሉ ላይ ያለውን የእርጥበት ነጠብጣብ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ የሆነ ነገር ሊናገር ነበር፣ ግን ዋጠው። «ይቅርታ» ብቻ ብሎ ወጣ። ዳንቢ ስለ ምን ይቅርታ እንደጠየቀ አልገባትም።

እሁድ ዕለት የመሣሪያ ሣጥን ተሸክሞ ተመልሶ መጣ።

«ቤቱን ልከራይ አይደለም» አለ። «የቦይለር ሠራተኛ ነኝ። ያ የውሃ ጠብታ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ዋጋ አልጠይቅም፤ ካለ ሩዝ በቂ ነው።»

ስሙ ታክ ሱንግሞ ነበር። ሥራው ሦስት እሁድ ፈጀ። አንድ እሁድ ይበቃው እንደነበር ዳንቢ በኋላ ነው ያወቀችው። በሦስተኛው እሁድ ቦይለሩ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ቱቦውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ ሌላውን እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«ያቺን መፍቻ አቀብይኝ።»

ዳንቢ መፍቻውን አንሥታ ቆመች። ከቦይለሩ ሥር ሳል ተሰማ።

«ያቀብሉኝ… ማለቴ ነው።»

ዳንቢ መፍቻውን መዳፉ ላይ አስቀመጠች። «ይኸውልህ» አለች። «ያዝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ «እርስዎ» የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም።

ወደቡ ዳር ይሄዳሉ፤ ሾርባ ይጠጣሉ፤ እሱ ዝምተኛ ነው፣ እሷ ታወራለች። የምታወራው ደግሞ ስለ ወይዘሮ ጉ ነው። ክስ መመሥረቷን፣ ቀጠሮው መቅረቡን፣ ሴትዮዋን እንዴት ባዶ እጇን እንደምታስቀራት። ስታወራ ዓይኗ ያበራል። ሱንግሞ ሾርባውን እያማሰለ አንገቱን ይደፋል። ዳንቢ ዝምታውን ለእሷ የሚያዝን ሰው ዝምታ አደረገችው። አንድ ምሽት በር ላይ ሲለያዩ ጉንጯን በጣቱ ጀርባ ነካት፤ እጁ ሻካራ ነበር፣ ይሞቅ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማስያዣ ሳታስብ ተኛች።

የብርዱ ወራት ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ፈረደላት። ወይዘሮ ጉ ዘጠና ሚሊዮኑን ይክፈሉ ተባለ። ሴትዮዋ ግን በስልክ ሳቁባት።

«ፈረዱልሽ? እሰይ! ከየት ልታመጪው ነው? ቤቱን አሽጠሽ ለባንኩ አስረክቢው፤ ለአንቺ የበር እጀታው እንኳ አይተርፍሽም።»

እውነት ነበር። ነጻ የሕግ ምክር የምትሰጠው ጠበቃ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ ጎልማሳ ሴት፣ ወረቀቶቹን አገላብጣ «ሌላ ንብረት የላትም?» አለች።

ዳንቢ አስታወሰች። ገበያው ውስጥ፣ የሩዝ ኬክ የሚሸጥበት ሱቅ። ሴትዮዋ በየወሩ መጨረሻ ኪራይ ስትቀበል አይታታለች።

የሱቁን መዝገብ በስልኳ አወጣችው፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቆማ። ሱቁ የወይዘሮ ጉ ነበር። ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤዋ በደረሳቸው በሦስተኛው ሳምንት በስጦታ ተላልፏል። የተቀባዩ ስም ከሥር ተጽፎ ነበር፦ ታክ ሱንግሞ።

የትውልድ ዘመኑንም አየች። በዚህ አገር ልጅ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይይዛል፣ ሚስት ግን የራሷን አትቀይርም፤ እናትና ልጅ በስም አይገናኙም። ሁለት አውቶቡሶች መጥተው ሄዱ። ሦስተኛው ሾፌር «እመቤት፣ ትገቢያለሽ ወይስ?» ብሎ ጮኸባት። አልሰማችውም።

«ከዕዳ ለማሸሽ የተደረገ ስጦታ በፍርድ ይሻራል» አለች ጠበቃዋ በማግሥቱ። «ግን ተከሳሽ የምትሆነው ሴትዮዋ አይደለችም። ስጦታውን የተቀበለው ነው።»

«ልጇ።»

«ልጇ። መጥሪያ የሚደርስበትን አድራሻ ማግኘት ትችያለሽ?»

«በራሱ እጅ አስጽፈዋለሁ» አለች ዳንቢ።

ያን ምሽት ሱንግሞን እራት ጠራችው። የአሳማ ጎድን በቅመም ቀቀለች፣ ሩዙን ከፍ አድርጋ ሞላችለት፣ ከሥጋው ምርጥ ምርጡን እያነሳች ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለት። እሱ በልቶ ሲጨርስ እስክሪብቶ ሰጠችው።

«አርብ የሚደርስህ ነገር እልክልሃለሁ። አድራሻህን ጻፍልኝ።»

ጆሮው ቀላ። ፎቁንም፣ የበሩን ቁጥርም ሳይቀር ጻፈ። «ምንድን ነው?»

«ሲደርስህ ታየዋለህ።» ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ዓይን ዓይኑን አየችው። «አንተስ፣ የምትነግረኝ ነገር የለህም?»

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። መልሶ ሳበው። ጣቶቹን አቆላለፈ።

«አለ» አለ። «ግን እስከ እሁድ ስጪኝ።»

«እሺ» አለች። አርብ ከእሁድ እንደሚቀድም ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ምን እንደሚመጣ የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ሰንሰለቱን ሳትፈታ ከፈተች። ሱንግሞ የፍርድ ቤቱን ፖስታ በእጁ ይዞ ቆሟል። ፊቱ ከወረቀቱ ይነጣል።

«በመጀመሪያው ቀን ለምን መጣህ?» አለች፣ እሱ ቃል ሳይተነፍስ።

«እናቴ ላከችኝ። ድምፅሽን እንድቀዳ። በስም ማጥፋት ልትከስሽ።»

«ቀዳህ?»

«ቀዳሁ። ደረጃው ላይ አጠፋሁት። ቤቱን አበላሽታ አልወጣም ያለች ክፉ ሴት ናት ብላኝ ነበር፤ ወረቀቱን ሳነብ…»

«ሱቁስ?»

«በፊርማ ፈንታ የምመታውን ማህተሜን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ውርስ ነው፣ ቀድሜ ልስጥህ አለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ አንቺ ጋ ከመጣሁ በኋላ ነው።»

«ከገባህ ስንት ቀን ሆነህ?»

ፖስታውን ለሁለት አጠፈው። «አርባ ቀን።»

«አርባ ቀን ሩዜን በላህ!» ድምፅዋ ደረጃውን ሞላው። «አርባ ቀን እናትህን ስረግማት ፊቴ ተቀምጠህ ሾርባ ታማስላለህ! ስማኝ፤ ጠበቃ ያዝ። ደህና ጠበቃ ያዝ። ስጥልህ ከባድ ነገር መጣሌን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በሩን ዘጋችው። ከውስጥ ተደግፋው ቆመች። የእሱ እርምጃ ደረጃውን እስኪጨርስ አዳመጠች።

የችሎቱ ቀን ዳንቢ አለ የምትለውን ጥቁር ኮት ለበሰች። በእጇ ሦስት ገጽ ይዛለች፤ እሱ እንዲህ ቢል እንዲህ እላለሁ ብላ የጻፈችው። ወይዘሮ ጉ ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሱንግሞ ብቻውን ገባ፣ በሥራ ጃኬቱ። ጠበቃ የለውም። ወደ እሷ አላየም።

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተከሳሽ መልስ አላስገቡም። ይከራከራሉ?»

«አልከራከርም ክቡር ዳኛ። ከሳሽ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ሱቁ ወደ እናቴ ስም ይመለስ።»

«ይህ የእምነት ቃልዎ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። በኋላ ልመልሰው ቢሉ አይቻልም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

ከኋላ ወንበሩ ተንኳኳ። «አንተ ከንቱ!» አሉ ወይዘሮ ጉ ተነሥተው። «ለማን ብዬ ነው የለፋሁት? ባል ሳይኖረኝ በማን ጀርባ ያደግህ መሰለህ? ለአንዲት ጥርስ ሠሪ ብለህ!» ጸጥታ አስከባሪው ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። ሱንግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ የእናቱ ድምፅ ከኮሪደሩ እስኪጠፋ።

ጠቅላላው አራት ደቂቃ አልፈጀም። ዳንቢ ሦስቱን ገጽ ይዛ ቀረች። ወራት ሙሉ ያሰበችው ድል ይህ ነበር፤ ግን ቡጢዋን በሙሉ ኃይሏ ሰንዝራ አየር እንደመታች ሆነ የተሰማት። ሊጣላት እምቢ ብሏል። በዚህም ተናደደችበት።

ሱቁ በሐራጅ ከሚቸበቸብ ብለው ወይዘሮ ጉ ራሳቸው ሸጡት። ቀጠሮው ደላላው ቢሮ ሆነ፤ እሷ ቁልፍ፣ እሳቸው ገንዘብ። ሴትዮዋ ግን የመጨረሻ ሙከራ ሳያደርጉ አልቀሩም።

«ሁለት ሚሊዮን እቀንሳለሁ። ለግድግዳ ወረቀት። ለወለሉ ደግሞ…»

ዳንቢ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይኸው የገባሁ ዕለት ያነሳሁት ፎቶ። ወረቀቱ ያኔም ቢጫ ነበር። ተከራይ በኑሮ ያረጀን ነገር አይከፍልም፤ የሰበረውን ነው የሚከፍል። አንድ የሰበርኩት ያሳዩኝ።»

«ወለሉ ረጥቦ አብጧል!»

«ሁለት ክረምት ቦይለሩ ያንጠባጥባል ብዬ የላክሁልዎት መልእክት ይኸውልዎት። አሥራ ሰባት ነው። አንድ በአንድ ላንብብልዎት?»

ደላላው ሳቁን ለመደበቅ ሻይ ሊያመጣ ተነሣ። ወይዘሮ ጉ ከንፈራቸውን ነክሰው ስልካቸውን ተጫኑ። የዳንቢ ስልክ ጮኸ፤ ዘጠና ሚሊዮን፣ ሳይጎድል። ቁልፉን ከመዳፏ ለቀቀችው። ከዚያ ቀና ብላ ያን ያህል የናፈቀችውን ፊት አየች።

የሽንፈት ፊት ነበር። ግን ያረጀም ነበር።

«ሱቄንም ወሰድሽ፣ ልጄንም ወሰድሽ» አሉ ሴትዮዋ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ልጅዎን አልወሰድኩም።»

«ታዲያ የት አለ? ችሎት የዋለ ዕለት ልብሱን ሰብስቦ ለሥራ ወደ ጉንሳን ከተማ ወረደ። ስልኬን አያነሳም። ካንቺ ጋ ነው ብዬ…» ቀሪውን ዋጡት።

ዳንቢ በደረጃው ስትወርድ ደስታዋን ፈለገችው። ነበረ። አላፈረችበትም። ግን ከጎኑ ሌላ ነገር ተቀምጦ ነበር፣ ዞር አልል ያለ።

የአባቷን ሠላሳ ሚሊዮን መለሰች። ሌላ ሱቅ አግኝታ ሥራ ጀመረች። አንድ የሐምሌ ቀን ግን ጥርስ እየሞረደች ሳለ መሣሪያውን አጠፋች፣ በሩን ቆለፈች፣ ጉንሳን የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ገባች።

ቦይለር የሚገጠምበትን ቦታ ሁሉ እየጠየቀች፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንጻ ሥር አገኘችው። የምሳ ሰዓት ነበር። አይቷት ተነሣ፣ ማንኪያውን እንደያዘ።

«ለምን አልተከራከርክም?» አለች፣ ሰላም ሳትል።

«ማህተሙ የኔ ነበራ።»

«እንድወድህ ብለህ ነው?»

«ያንን ብፈልግማ ከችሎቱ በፊት መጥቼ በነገርኩሽ፣ በለመንኩሽ ነበር። አላደረግሁትም። አርባ ቀን የዘገየ ሰው መለመን የለበትም።»

ሁለቱም ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ክሬኑ ከራሳቸው በላይ ይዞራል።

«ያን አርብ» አለ ሱንግሞ፣ እያያት ሳይሆን እጁን እያየ፣ «ከሥራ ቀርቼ ነበር የጠበቅሁት። ፖስተኛው ሲያንኳኳ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ነበር።»

ዳንቢ ልትስቅ ሞከረች። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እኔም» አለች ከእጇ ውስጥ፣ «የክስ ወረቀቱ ላይ ስምህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት። እጄ እኮ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ የምኖረው በእጄ ነው።» ዓይኗን ጠረገች። «ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

«እንግዲያው ምሳህን ጨርስ» አለች። «ገና ብዙ የምነግርህ አለ።»

ይቅር ለማለት አንድ ዓመት ፈጀባት፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ እየተመላለሱ፣ እየተኳረፉ፣ እየታረቁ። በሚቀጥለው መኸር ጁሙንጂን ውስጥ ተጋቡ። አባቷ አዲስ ሱፍ ለብሰው ለሁሉም ሰው ዓሣ ሲያድሉ ዋሉ። በሙሽራው እናት ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ሱንግሞ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ሲያይ ዳንቢ አየችው። በመጀመሪያው ዝም አለች። በሁለተኛው እጁን ያዘችው።

በማግሥቱ ጠዋት ኢንቾን ሲደርሱ «ወደ እናትህ እንሂድ» አለችው።

«አትከፍትልንም።»

«ካልከፈተች እንቆማለና። የዚያችን ሴት ደጅ መጥናት ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ?»

ደወለች። መልስ የለም። ደግማ ደወለች። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማና ተቋረጠ። በሦስተኛው ዳንቢ ጣቷን ከደወሉ ላይ አላነሳችም። ሱንግሞ ክንዷን ሊይዝ ሲል በሩ ተከፈተ።

ወይዘሮ ጉ በቤት ልብሳቸው ነበሩ፤ ፀጉራቸው አልተበጠረም። ልጃቸውን አላዩትም። ያዩት እሷን ነው፣ ከእግር እስከ ራሷ።

«ጣትሽን አንሺ» አሉ። «ጎረቤት ተሸበረ።»

ዳንቢ ጣቷን አነሳች። ወገቧን እስኪያማት ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«እንደምን አደሩ፣ እማዬ።»

ሴትዮዋ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆሙ። አፋቸው አንድ ክፉ ቃል ሲፈልግ፣ ሲያገኝ፣ ሲተወው ሁለቱም አዩ። በመጨረሻ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ጓዳ ገቡ። በሩን ግን አልዘጉትም።